ባንዱ ሲጀምር ታክሲው ያልቃል

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው አራቱም ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የመጡ ናቸው። ሆን ብዬ ነው። እኔም የጣፎ ሰው ነኝና ለሰፈሬ ባደላ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማታ ማታ ሥራችን ፊልምና ተከታታይ ድራማ ማየት ነው። እንግሊዝ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለሁለት ቀን ሊቨርፑል ሄዳ፣ የቢትልስን ሰፈር ዞራ፣ ማታ ላይቭ ሙዚቃ ሰምታ ፎቶ ላከችልን። ለእኛ ብሩም ቪዛውም የለም። ግን አሰብኩት፣ አዲስ አበባም እኮ ሲኒማም ቲያትርም ባንድም ያለባት ከተማ ናት፣ እኛ ግን ከተማ የምንገባው ለጉዳይ ብቻ ነው። ለጋብቻ በዓላችን ቅዳሜና እሁድን እንደ እንግዳ ሆነን ብንዞራትስ? ከየት እንጀምር? — ከአራተኛ ፎቅ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳታትን አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ። ያላችሁን ብር ለትኬትና ለምግብ አትጨርሱት። ለአልጋ አውጡት።

ምን ለማለት ነው መሰለሽ። እኛ የዳር ሰዎች ላይቭ ሙዚቃ የማንሰማው ጠልተነው አይደለም። ባንድ ብዙውን ጊዜ መድረክ የሚወጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ቤቱ ሞቅ የሚለው ደግሞ አምስትን አልፎ። በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ «አያት አያት፣ ጣፎ ጣፎ» የሚል ወያላ በመብራት ፈልገሽ አታገኚም። ኮንትራት ልያዝ ካልሽ የሚጠሩልሽ ዋጋ ከእራታችሁ ይበልጣል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ድምፃዊው ማይኩን መታ መታ አድርጎ «እንዴት አመሻችሁ» ሲል ጃኬቴን እየለበስኩ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስንቱን ባንድ የማውቀው በማሟሟቂያው ብቻ ነው።

በደርግ ጊዜ ይሄን ሥራ የሚሠራው ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ መንገድ ላይ መታየት የለም፣ ስለዚህ ሰዉ ወይ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ወይ ደግሞ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ሲጨፍር ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው በዚያ ዘመን ነው። የዋልያሱ የኪቦርድ ሰው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ አዲስ ሲታተምለት ግን ወደ መድረክ ተመለሰ። ይቺን ታሪክ የምወዳት ታክሲ ስላለባት ሳይሆን አይቀርም። እኛ ባንዱን ጥለን ታክሲ እናሳድዳለን፣ እሱ ታክሲውን ጥሎ ወደ ባንዱ ሄደ።

እና ነገሩን ከማታው ጀምራችሁ ወደ ኋላ አስቡት። መጀመሪያ ቅዳሜ ማታ የትኛው ቤት ማን እንደሚጫወት እወቂ። ደውለሽ ጠይቂ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር አትመኚ፣ ያለፈው ወር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከዚያ ቤት በእግር የሚደረስ ፔንሲዮን ወይም ትንሽ ሆቴል ፈልጉ። ፔንሲዮን ስል አትሳቂ፣ ንጹሕና ቤተሰብ የሚያርፍባቸው ሞልተዋል። ባለቤትሽ አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ክፍሉን ይይ፣ ሙቅ ውሃውንም ከፍቶ በእጁ ይንካው። «አለ» ስላሉት ብቻ አይመን፣ እኔ አምኜ ጥር ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤያለሁ። ሁለታችሁም መታወቂያ ያዙ። ዋጋ እዚህ አልጽፍልሽም፣ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ሳለ ይለወጣል።

ፊልሙን ዓርብ ማታ እቤታችሁ ጨርሱት። ምን እንይ ካልሽኝ፣ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» እመርጣለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዋናው ሰውዬ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መንገድ ሊወጣ ሲል ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገድ የሚሆን ሲዲ ይሰጠዋል። ሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ሰውዬው መኪናውን እየነዳ አሜሪካን በእኛ ቅኝት ይዞራታል። ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝና ቦስተን ተምሮ፣ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብሮት የሠራውን ሙላቱን ብዙ የውጭ ሰው ያወቀው በዚህ ፊልም ነው።

ይሄን ዓርብ አይታችሁ ቅዳሜ ማታ የዚያ ዓይነት ሙዚቃ ከአራት እርምጃ ርቀት ስትሰሙ ልዩነቱ ይገባችኋል። ቅዳሜ ማታ ሲኒማ እንዳትገቡ። ይሄ የግሌ አቋም ነው፣ የሲኒማ ወዳጆች ይቆጡኝ። ስክሪን አራተኛ ፎቅም አለ። ቤዝ ጊታሩ የተቀመጥሽበትን ወንበር ሲያንቀጠቅጠው ግን የካ አባዶ የለም፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት የሳክስፎኑን አፍ በምላሱ ሲያርሳት ማየትም የለም።

የቅዳሜው ቀን ብዙ አያስጨንቅም። ጠዋት ከአያት ባቡር ያዙ፣ መጨናነቁን ቻሉት፣ ለገሃር ያወርዳችኋል። ከዚያ ብሔራዊ ቲያትር የእግር መንገድ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ሁላችንም በታክሲ አልፈነዋል፣ ቆሞ ያየው ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው የቀረጸው። ሁለመናው ማዕዘን ማዕዘን ስለሆነ ትንሽ ራቅ ስትሉ ነው አንበሳነቱ የሚመጣው። ቲያትር ቤቱ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም ነው፣ ለጃንሆይ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ቲያትር ካለ ትኬቱን ጠዋት ቁረጡ። ጉልበት ካላችሁ የቸርችልን ዳገት ወደ ፒያሳ ውጡት፣ መንገድ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ የከተማዋ የመጀመሪያ ሲኒማ በዚያ አካባቢ እንደነበረ ለባለቤትሽ ንገሪው። ሰዉ «ሰይጣን ቤት» ነበር የሚለው። ሥዕል በራሱ ሲንቀሳቀስ ሌላ ምን ይበል?

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከሰዓት በኋላ ክፍላችሁ ገብታችሁ ሁለት ሰዓት ተኙ። እኛ ለትራንስፖርት ብለን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የምንነሳ ሰዎች ነን፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰውነታችን ቤቱን ይዘጋል። እኔ መጀመሪያ ከተማ ያደርኩ ቀን፣ አልጋ ተይዞ፣ ታክሲ ሳያስጨንቀኝ፣ ስፒከሩ ሥር እንቅልፍ ወሰደኝ። አስተናጋጁ ነው የቀሰቀሰኝ።

ጥያቄ፦ አሁን የምኖረው ሰበታ ነው። በወጣትነቴ የካዛንቺስንና የፒያሳን ጓዳ ጎድጓዳ አውቅ ነበር፣ ሙዚቃውንም ፊልሙንም ያየሁት እዚያ ነው። የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥን የድሮ ዘፈን ሲያዩ «አባባ፣ ይሄ የት ነው?» ይሉኛል። ወስጄ ላሳያቸው ስል ደግሞ ሰዉ «ሁሉም ፈርሷል፣ ምኑን ታሳያቸዋለህ» ይለኛል። ልሂድ ወይስ ልተወው? — የሰበታው አያት

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሂዱ። ዛሬ ነገ ሳይሉ።

የፈረሰውን አልፈረሰም ብዬ አልዋሽዎትም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ነው የተነሱት፣ ካዛንቺስ ሲነሳ አዝማሪ ቤቶቹም አብረው ሄደዋል። እርስዎ ያመሹበት ቤት ቦታ ላይ አሁን ሰፊ መንገድ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ልብዎን አዘጋጅተው ይሂዱ።

ግን ይቺን ይስሙኝ። ከላይ ያለችው እህታችን የአክስቷ ልጅ ሊቨርፑል ሄዳ ፎቶ ላከችልን አላለችም? እዚያ ሰዉ ሁሉ የሚሄድበት «ካቨርን» የሚባል ምድር ቤት ክለብ አለ፣ ቢትልሶች ገና ስም ሳያወጡ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1963 ሦስት መቶ ጊዜ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የተጫወቱበት። ያ ክለብ በ1973 ለባቡር መሥመር ሥራ ተብሎ ተዘጋ፣ ምድር ቤቱም ተደፈነ። አሁን ያለው በ1984 ከድሮው ጡብ ብዙውን ሰብስበው የሠሩት ነው። ዓለም እየተሰለፈ ፎቶ የሚነሳበት ማለት ነው! የሚያየው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፣ የሚነገረውንም ነው። እና የእርስዎ የልጅ ልጆች ከሊቨርፑል ቱሪስት የሚበልጡት በአንድ ነገር ነው፣ የነበረ ሰው አብሯቸው አለ።

ካዛንቺስ ቆመው የስሙን ነገር ይንገሯቸው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ድርጅት «ኢንቺስ» ነበር የሚባለው፣ «ካዛ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፣ ከአፍ አፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆነ። ቤቱ ቢፈርስ ስሙ ቀርቷል። ከዚያ ስልክዎ ላይ የእርስዎን ዘመን ዘፈን አንዱን እዚያው ይክፈቱላቸው። ኮንፈረንስ አይሁንባችሁ፣ አንድ ዘፈን ይበቃል።

ፒያሳ ሲወጡ ሀገር ፍቅር ቲያትር አለልዎት። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም ነው፣ ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሕዝቡን ለአገሩ ለመቀስቀስ። ጥላሁን ገሠሠ ክቡር ዘበኛ ከመግባቱ በፊት የጀመረው እዚያ ነው፣ ይሄን ልጆቹ ላያውቁ ይችላሉ። ጣይቱ ሆቴልም አለ። በ2007 ጥር ላይ የተነሳው እሳት ጃዛምባ የሚባለውን የሙዚቃ ቤት በላው፣ ሆቴሉ ግን ተርፏል፣ ቡናችሁን እዚያ ጠጡ።

ልጆች የሚወዱት ደግሞ የአርመኖቹን ታሪክ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው አርባ የአርመን ልጆች መለከትና ከበሮ ሲጫወቱ ሰሙ፣ ወደዷቸው፣ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች ይባሉ ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ ደረሰ፣ የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ደግሞ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር ውስጥ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ያ ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ ነጭ ኮት የለበሰው፣ መለከቱን አንድ ላይ የሚነፋው ኦርኬስትራ ሥሩ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

እሁድ ጠዋት ይምረጡ። በአየር ጤና በኩል መንገዱ ይቀላል፣ ዳገቱንም በብርዱ ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጓደኞቼ ለልደቴ አዝማሪ ቤት ሊወስዱኝ ነው። ባለፈው አዝማሪው አንዱን በጫማው ገጥሞ አሳቀበትና ልጁ እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነው። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ምን ላድርግ? ስንትስ ነው የሚሸለመው? — ጥግ ፈላጊው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥግ እንዳትይዝ። አዝማሪ መጀመሪያ የሚያየው ጥግ የያዘውን ነው።

ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያላት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራች፣ እና በዚያች አንድ ክር አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይገዛል። ትዝታን ያዝ አድርጎ ይጀምርና ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል፣ ወደ አንቺሆዬ ሲቀይረው ቤቱ እንዴት እንደሚለወጥ አዳምጥ፣ ለኔ ከግጥሙ እኩል የምወደው ይሄንን ነው። ስምህን፣ ሰፈርህን፣ ማንን እንደምትወድ አንዱ ሹክ ይለዋል። ከዳተኛው ብዙ ጊዜ አጠገብህ የተቀመጠው ነው። ከዚያ ሁለት መስመር ትደርስሃለች፣ ቤቱ ይስቃል፣ አንተም ትስቃለህ፣ አለቀ። ላኮረፈ ነው ሁለተኛ ዙር የሚመጣለት።

እኔን አንድ ማታ የታክሲ ነገር ሆዴን እየበላኝ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። አዝማሪው ከማዶ ሆኖ ልብ ብሎኛል። ቀስ ብሎ መጣ፣ ማሲንቆውን ጆሮዬ ሥር ደቅኖ እንዲህ አለኝ፦

እጁን እጁን ያያል ይሄ ሰው ምን ሆኗል፣
ልቡ እዚህ ቁጭ ብሎ እግሩ ጣፎ ገብቷል።

ጣፎ መሆኔን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

መልስ መስጠት ከፈለግህ «ተቀበል» በልና ግጥምህን ንገረው፣ እሱ በዜማ ይመልሰዋል። ሁለት መስመር ከቤት አዘጋጅተህ ሂድ፣ ጠጅ ከጠጣህ በኋላ አይመጣልህም። ጠጅ ካልለመድክ ብርዝ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ጣፋጭነቱ እንዳያታልልህ። ሽልማት ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ነው፣ ትልቁን ኖት መጀመሪያ ከሰጠህ ማታውን ሙሉ ካንተ አይለይም። የአንድ ብርሌ ጠጅ ዋጋ ያህል ከሰጠህ ንፉግ የሚልህ የለም። ግንባሩ ላይ መለጠፍ ካፈርክ በእጁ ስጠው። በስልክ ከመቅረጽህ በፊት ጠይቅ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ለሚስቱ ሌላ ቦታ ነኝ ብሎ ሊሆን ይችላል። የመመለሻህን ነገር ደግሞ ለአራተኛ ፎቋ እህታችን የጻፍኩትን አንብብ፣ በሌሊት እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚገባ ታክሲ ከጣፎውም ይብሳል።

ጥያቄ፦ ድራማ ላይ ደጋግሜ የማያት አንዲት ቪላ አለች፣ ጥቁር በር፣ ሰፊ በረንዳ። የት ናት? ሄጄ ፎቶ ልነሳ። — ከገላን

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቁር በርና ሰፊ በረንዳ ያላት ቪላ እኔ ሰፈር ብቻ መቁጠር አልችልም። ለቀረጻ የሚከራዩት ቤቶች ብዙዎቹ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፣ ባለቤቱ ፎቶ አንሺ ደጁ ላይ ቢያገኝ ደስ አይለውም። ይልቅ ቀረጻ ራሱን ማየት ከፈለግሽ ዳር አገር መኖራችን እዚህ ላይ ጠቅሞናል፣ ጸጥታ ፍለጋ ወደ እኛ ነው የሚመጡት። ጄኔሬተርና የተደረደሩ ሚኒባሶች ያየሽበት ግቢ አካባቢ ራቅ ብለሽ ቁሚ።

እኔ አንዴ ጣፎ ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ሀብታሙ አባት ልጁን ከቤት የሚያባርርበት ቦታ ነበር፣ ተዋናዩ እንባ በእንባ ሆኗል፣ ረዳቱ «ጸጥታ!» እያለ ሰፈሩን ዝም አሰኝቷል። ልክ «ከዛሬ ጀምሮ» ሲል ከአጥሩ ውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተለቀቀ። አቁመው እንደገና ጀመሩ። «ከዛሬ ጀምሮ…» «ቆራሌው!» አራተኛው ላይ አንዱ ልጅ ወጥቶ ሁለት አሮጌ ጄሪካን ለቆራሌው ሰጥቶ ሸኘው፣ ከዚያ ቀረጹ። ክፍሉ ሲተላለፍ ቤተሰቤን ሰብስቤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠበቅኩት። አባትየው «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» ብሎ ዝም ሲል፣ ከሩቅ፣ ምናልባት ሦስት ቅያስ አልፎ፣ «…ሌው» ትላለች።